የረቡዕ አሚን

ድሮ የፋብሪካ ጀርባ ሰፈር ቅሬ የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ነበር። ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፣ ይበተናል። ጦርነቱ ሃያ ሦስተኛ ዓመቱን ከያዘ ወዲህ ግን ላልሞቱትም መሰብሰብ ግድ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ተኩል ሲል የኮምቦልቻ ሰው ሥራውን ይጥላል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ እያንዳንዱ ሰፈር ወደየቅሬው አዳራሽ ይገባና ግድግዳው እስኪበራ ይጠብቃል። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። እውነቱን ለመናገር የሚቀር ሰው እምብዛም የለም፤ ልጁን ለማየት የሚለግም ወላጅ ከየት ይመጣል።

ዘይነባ ሰይድ ከፊት ረድፍ ከግራ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። አራተኛው ወንበር ባዶ ነው። የባሏ የሙሄ ነው፤ ሙሄ በሳንባ በሽታ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። በወንበሩ መደገፊያ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የድምፅ ማጉያ ተለጥፋለች። ሕፃናት እንኳ እዚያ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ ተነግሯቸዋል።

የዚያን ረቡዕ ግድግዳው ሲበራ ልጇ ጦይብ ጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ብቅ አለ። ሙሉ ቁመቱ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ የሚነኩት ይመስላል። ሽፋሽፍቱ ላይ አቧራ አለ። ሠላሳ ሳይሞላው ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። ከእግሩ ሥር ቁጥሩ በአረንጓዴ ተጽፏል፤ ዘጠና አንድ።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ጌታ። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ደህና ነኝ። አባስ? ሳሉ ተሻለው?»

ዘይነባ እንደ ደንቡ ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብላ ፈገግ አለች። ማጉያዋ ትንሽ ሳለችና በሙሄ ድምፅ፣ «እኔማ አለሁ፤ ጉልበቴ ነው እንጂ የከዳኝ» አለች። ጦይብ ሳቀ። እሱ በሚያየው በኩል አባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ነው። በዚህ በኩል ያሉት ስልሳ ያህል ጎረቤቶች፣ ሙሄን ተሸክመው የቀበሩት ሳይቀሩ፣ አብረው ሳቁ። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ።

ሙሄ በማሽን እንዲተካ የፈረመችው ራሷ ናት። በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን ከቁርኝት ቢሮ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ አባቱን ያጣ ወታደር ቁጥሩ በአማካይ አሥራ ስምንት ነጥብ እንደሚወርድ ነገሯት። ልጇ በዚያ የምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሲያለቅስ ታያትና ሆዷ አልቻለም። የት ልፈርም አለች።

የነገሩ መነሻ ሐኪሞች ናቸው። በጦርነቱ በአራተኛው ዓመት፣ አንዱ በመጀመሪያው ወር ሲሰበር ሌላው እዚያው እሳት ውስጥ ዓመታት የሚቆይበት ምክንያት ምንድነው ብለው አጠኑ። ስንቅም ጥይትም አልነበረም። ማን ይጠብቀዋል፣ ማን ስሙን ጠርቶ ይመርቀዋል፣ ከጎኑ የሚተኛው ጓደኛው ማን ነው፣ በልጅነቱ ሲወድቅ እንዴት ይነሣ ነበር፤ ይኸው ነው። ይህንን እናቶች ሳይጠየቁ ሊነግሯቸው ይችሉ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቁጥር ሰጡትና ቁርኝት ብለው ሰየሙት፤ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ቢሮ ተከፈተለት።

ጦይብ ሲመለመል ዘይነባ አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጣ ጠያቂዎቹን አጫውታለች። ይጸልያል? ይጸልያል። ሲከፋው ምን ያደርጋል? ፊቱን ይታጠብና ወደ ሥራው ይመለሳል። አንድ ጊዜ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ የታመመ አባቱን በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት አድርሷል፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ይህን ስትናገር ደስ ብሏት ነበር። ልጅን ማመስገን የትኛዋን እናት ደስ አይላትም። ጠያቂዎቹም ደስ ብሏቸው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ በደንብ ይተዳደራል። የጦይብ አልጋ በየጠዋቱ ይነጠፋል፤ ሰኞ ሰኞ ከቁርኝት ቢሮ የምትላክ ልጅ መጥታ ታነሣውና ፎቶው ለእሱ ይላካል። ጫማው ዓርብ ዓርብ ይወለወላል። ስለ ሞት፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ሰፈር ጠብ አይነገረውም። እጮኛው ሌላ ሰው ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጅ አላት፤ ግድግዳው ላይ ግን በወር አንድ ጊዜ ትመጣና እየጠበቀችው እንደሆነ ትነግረዋለች። እሷም ፈርማለች፤ ባሏም አብሮ ፈርሟል።

የረቡዕ ሰዓት የሚዘጋው በምርቃት ነው። የቅሬው ሰብሳቢ አቶ ይማም ተነሥተው መዳፋቸውን ሲዘረጉ አዳራሹ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መዳፉን ይዘረጋል። ጦይብም በዚያ ማዶ ይዘረጋል።

«የመጣብህን ይመልስልህ።»

«አሚን።»

«የረገጥከው ይለምልምልህ። ለአገርህ አፈር ያብቃህ።»

«አሚን።»

ከቤተሰቡና ከመራቂው ሌላ፣ የሕዝቡ ድምፅ ወደ ማዶ የሚሻገረው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አሚን የሚለው ቃል ብቻ ይተላለፋል፤ ሌላ የተናገረ ሰው ካለ ማሽኑ ይውጠዋል። ሐኪሞቹ ከሁሉ በላይ ቁጥር የሚያነሣው ነገር የሕዝብ አሚን ሆኖ ስላገኙት ነው። ጦይብ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የእናቱን አሚን ሰምቶ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና ወደ እሷ አየ። ዘይነባ ከሌላው ሰው ትንሽ ዘግይታ፣ ቃሏን ጎተት አድርጋ ነው አሚን የምትል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ሳይሰማ ፊቱን አብሶ አያውቅም። ቁጥሩ ወደ ዘጠና ሁለት ሊል ሲል ግድግዳው ጠፋ።

ሰፈሩ በዚህ ቁጥር ይኮራል። በአዳራሹ በር ላይ «የከተማው አንደኛ ቁርኝት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ዘጠናን አልፎ ዓመት የቆየ ፈቃድ አግኝቶ አገሩን ያያል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ሰዉ ያለስስት ነው የሚመርቀው። የጦይብ ቁጥር አንድ ደረጃ ባለፈ ቁጥር ዘይነባ ጎረቤት ጠርታ ዱዓ ታስደርግ ነበር።

ከስብሰባው ስትመለስ በወርቄ ቤት በኩል አለፈች። ወርቄ ጠበኛ ሴት ናት። ከቅሬው ጋር በአጥር ጉዳይ ተጣልታ ረቡዕ መምጣት ከተወች ቆይታለች፤ ስሟ ስንት ጊዜ እንደተመዘገበ እሷም አታውቀውም። ልጇ ሳይጠይቃት ዘምቷል ብላም አኩርፋው ነበር። ይኸው ልጅ፣ ደሳለኝ፣ በዓመት ከሁለት ወሩ ተመልሶ መጣ። ሰው ከንፈሩን መጠጠለት፤ ተሰብሮ መጣ ተባለ። አሁን ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በር ሲዘጋ ይደነግጣል። ዘይነባ በዚያ በኩል ስታልፍ ሁልጊዜ ታዝንለት ነበር። የዚያን ቀን ግን ቆማ አየችው። ወርቄ ከኋላው መጥታ ኮቱን ደረበችለት፤ ከአንገቱ ላይ የባቄላ ልጣጭ አነሣችለት።

ዘይነባ ቀናች። ሌላ ስም የለውም፤ ቀናች።

«ወርቄ፣ ምን አድርገሽ ነው ያመጣሽው?» አለቻት።

«እኔ ምን አደርጋለሁ? አኩርፌ ተቀመጥኩ» አለች ወርቄ። «እናንተ ስትመርቁ እኔ ቤቴ ነበርኩ።»

ዘይነባ እስከ ሰኞ ይህን ነገር ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። ሰኞ የቁርኝት ቢሮዋ ልጅ ምንታምር አልጋውን ፎቶ ልታነሣ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዝምተኛ ናት፣ የቀረበላትን ሻይ ሳትጨርስ አትሄድም። አንሶላውን አቃንታ ካሜራዋን ስታወጣ ዘይነባ ከበሩ ቆማ ጠየቀቻት።

«የወርቄ ልጅ ሲመጣ ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«ይሄን እንኳ አልነግርዎትም እትዬ።»

«ምንታምር፣ እኔ ስንት ዓመት ይህን አልጋ አነጠፍኩልሽ?»

ልጅቱ ካሜራውን አወረደች። «አርባ አራት» አለች።

«የኔ ልጅ ዘጠና አንድ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልመጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ እንዴት ነው?»

ምንታምር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያ አልጋ እንዳይቀመጡበት የተከለከለ ነው። «ከሃምሳ በታች የወረደ ሰው መስመር ላይ አይቆምም። ይሸሻል፣ ሌላውንም ያሸሻል። ስለዚህ ይመልሱታል።»

«ከዘጠና በላይ ያለውስ?»

«ይቆማል።»

«የት?»

«ሌላው በማይቆምበት ቦታ።»

ዘይነባ ወደ ኋላ ቆጠረች። ጦይብ መጀመሪያ ወጥ ቤት ነበር፤ ያኔ ቁጥሩ ሰባ ነበር። ሰማንያ ሲገባ ወደ ሁለተኛው መስመር አለፈ። ሰማንያ ስምንት ሲሆን ወደ መጀመሪያው። እያንዳንዱ ሹመት መስሏት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ዱዓ አስደርጋበታለች። አሚን ብላበታለች፣ ሰፈሩን አሚን አሰኝታበታለች። ልጇን በሁለት መዳፏ ገፍታ ገፍታ እዚያ ያደረሰችው እሷው ናት።

«ዘጠና አምስት ሲሞላስ?» አለች።

«ዘጠና አምስት ከመስመሩ ሁሉ ፊት ያለው ጉድጓድ ነው።» ምንታምር አንሶላውን በእጇ መላልሳ አስተካከለች። «ወንድሜ ዘጠና ስድስት ነበር። የሞቱን ወረቀት ያየሁት ቢሮ ስለምሠራ ነው፤ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። እናቴ አታውቅም። አሁንም ረቡዕ ረቡዕ ያናግራታል። ቁጥሩ አሁንም ዘጠና ስድስት ነው።»

ሻይዋን ሳትጠጣ ሄደች።

ዘይነባ በማግስቱ ማለዳ አቶ ይማም ዘንድ ሄደች። የነገረቻትን ልጅ ስም ሳትጠራ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው፤ ለጦይብ ምርቃቱ ይቅር አለች። አቶ ይማም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ናቸው። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው አዳመጧት።

«በዚህ ሰፈር ምርቃት ተከልክሎ ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ። «ሌባ እንኳ ሲያዝ ልብ ይስጥህ ተብሎ ተመርቆ ነው የሚለቀቅ። አሁን በምን አፌ ነው አሚን አትበሉ የምል?»

«ልጄን እየገደላችሁት ነው፣ ጋሼ ይማም።»

«እኔ ምርቃቴ ይገድላል ብዬ አምኜ መኖር አልችልም፣ ዘይነባ። የሁለቱም የልጅ ልጆቼ ቁጥር ሰማንያ ዘጠኝ ደርሷል። እንዲህ ያለ ነገር አምኜ እንዴት ነው የማድር?»

እልኸኝነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ዘይነባም ገባት፤ አልፈረደችባቸውም። ብቻዋን እንደሆነች አውቃ ወጣች።

ረቡዕ ግድግዳው ሲበራ አላስጨረሰችውም። ጦይብ ገና «እማ» ከማለቱ፣ «አልጋህን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት» አለች። አልሰጠችውም፤ ጠዋት ራሷ አንጥፋው ነው የመጣች። «ጫማህንም ሰጠሁ።»

ጦይብ የምትቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ፊቷን አየና ተወው። «ምን አጠፋሁ፣ እማ?»

«ምንም አላጠፋህም። ሰባት ዓመት ጠበቅኩ፤ ታከተኝ። ካሁን ወዲያ አትጥራኝ። አልጠብቅህም።»

ከእግሩ ሥር ያለው ቁጥር ሰማንያ ሦስት ሆነ፤ ሰባ ስድስት ሆነ። ዘይነባ ዓይኗን ከፊቱ አንሥታ ቁጥሩ ላይ ተከለች፤ ፊቱን ካየች እንደማትችል ታውቃለች። ከጎኗ ያለው ባዶ ወንበር ሳለ። «ተው ልጄ፣ አትያዝባት» አለ በሙሄ ድምፅ። «እናትህ ደክሟት ነው። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።»

«አንተ ሞተሃል» አለችው ዘይነባ ወደ ወንበሩ ዞራ።

ማሽኑ ዋጠው። ጦይብ አልሰማም፤ የአባቱን አፍ ብቻ ነበር የሚያይ። አቶ ይማም ነገሩ እንዳይባባስ ብለው ይሆናል፣ ቶሎ ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰዉም ዘረጋ። ጦይብም መዳፉን ዘረጋ። ዘይነባ ተነሥታ ቆመች፤ ልጇ እንዲያያት ሁለት እጇን ወደ ፊት አወጣችና መዳፏን ቁልቁል ገለበጠች።

በዚያ አገር እናት በልጇ ዱዓ ላይ መዳፏን ስትገለብጥ ያየ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት አለቀሰች። አቶ ይማም መረቁ፣ ሕዝቡ አሚን አለ፣ ጦይብ ግን ፊቱን ማበሱን ትቶ ያቺን የተገለበጠች መዳፍ ያይ ነበር። ስልሳ አራት። ሃምሳ ስምንት። ግድግዳው ጠፋ።

ቤቷ ገባች። ስምንት ነጥብ ቀረ፣ ስምንት ብቻ፣ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሚቀጥለው ረቡዕ አልሄደችም። ጎረቤቶች ስታልፍ ሰላምታ አልነፈጓትም፤ ዓይናቸውን ግን ሰበሩ። እሷ ግድ አልነበራትም። ደጃፏ ላይ ከወርቄ ልጅ ጎን ሌላ ወንበር ይታያት ነበር። ሁለቱ አብረው ባቄላ ሲፈለፍሉ፣ እጃቸው ይንቀጥቀጥ ግድ የለም፣ እሷ ለጦይብ ኮት ስትደርብለት። ባቄላ ገዝታ አስቀመጠች። ብርድ ልብሱን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች።

ሰኞ ምንታምር መጣች፤ ካሜራዋን ግን አልያዘችም።

«ዛሬ አታነሺውም?»

«ከእንግዲህ አልጋው አያስፈልግም፣ እትዬ።»

«ሊመጣ ነው?»

ልጅቱ ከበሩ አልገባችም። «ሃምሳ ሦስት ደርሶ ነበር። ለመመለስ የቀረቡት ዝርዝር ውስጥ ስሙን አይቼው ነበር፤ በዓይኔ።» ወደ አልጋው አየች። «የአልጋውን ፎቶ ራሳቸው ይሠሩታል። እርስዎንም ተክተዋል። ባለቤትዎ የሞቱ ጊዜ የፈረሙት ወረቀት፣ የቤተሰብ ድምፅ በማናቸውም ምክንያት ሲቋረጥ ይተካል ይላል። በሞት ብቻ አይልም።»

ረቡዕ ቀድማ ሄደች። ከፊት ረድፍ ሦስተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ የጥፍር ያህል ማጉያ ተለጥፋለች። አሁን ባዶዎቹ ወንበሮች ሁለት ሆነዋል፤ ጎን ለጎን። ልትቀመጥ ስትል አቶ ይማም ክንዷን ያዝ አድርገው፣ «ኋላ ቦታ አለ፣ እህቴ» አሏት። በመጨረሻው ረድፍ፣ መጥረጊያ ከሚቀመጥበት ጥግ አጠገብ ተቀመጠች።

ጦይብ ሲበራ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ማጉያዋ በዘይነባ ድምፅ ተናገረች። እሷ ራሷ እንደዚያ በለሰለሰ ቃል መናገር መቻሏን አታውቅም ነበር።

«ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ። ያን ቀን ትኩሳት ይዞኝ ነበር፤ የምለውን አላውቀውም። አልጋህ እንዳለ ነው። ጫማህም። ማን ይነካዋል?»

«እማ» አለ ጦይብ። «እማ፣ ሞቼ ነበር።» እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ፤ ሳቀም። ቁጥሩ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ሁለት ሆነ። ሙሄም ከጎን፣ «አላልኩህም? ደክሟት ነው አላልኩህም?» አለ።

ዘይነባ ከኋላ ተነሥታ ጮኸች። «ጦይብ፣ ያቺ እኔ አይደለሁም። ሽሽ፤ ና ወደ ቤትህ።» ምርቃት ላይ ስላልደረሱ ቃሏ ከአዳራሹ አልወጣም። ምርቃቱ ሲጀመርም ደግማ ጮኸች፤ ማሽኑ ዋጠው። የተቆጣት ሰው የለም። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ነበር፤ እያየ አሚን ይል ነበር። «ተቀመጪ፣ ዘይነባ» አሉ አቶ ይማም በለሆሳስ።

በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች። ለምን ትሄጃለሽ ያሏት ነበሩ። የት ልሂድ? ልጇ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ስትሄድም ዝም ብላ አይታው ልትመለስ ለራሷ ምላ ነበር። አንድ ቃል ቢወጣት የሚያልፈው ያው አንዱ ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ወደየት እንደሚገፋው ታውቃለች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተቀመጠች።

ጦይብ ከሲታ ሆኗል፤ ግን ዓይኑ በርቷል። ያቺ ከፊት ያለችው ዘይነባ ስለ ጫማው አወራችለት፣ ሙሄ ሳለ፣ አቶ ይማም ተነሥተው መረቁ። ሕዝቡ አሚን አለ። ማጉያዋም አሚን አለች፤ ከሕዝቡ ጋር እኩል፣ ሳትዘገይ። ጦይብ መዳፉን እንደዘረጋ ቆየ። ሰባት ዓመት ፊቱን የሚያብሰው የእናቱን የዘገየች አሚን ሰምቶ ነው፤ አሁን የሚጠብቀውን ነገር ራሱም ሳያውቀው ይጠብቃል። ፊቱ ላይ የመጣውን ግራ መጋባት ዘይነባ ከመጨረሻው ረድፍ አየችው። ልጅን እጁን ዘርግቶ ባዶውን ማየት ለእናት ከባድ ነው። አልቻለችም።

«አሚን» አለች፣ ዘግይታ፣ ጎተት አድርጋ።

ጦይብ ቀና አለ። ዓይኑ የፊቱን ረድፍ አልፎ ወደ ኋላ ፈለገ። «ያቺ ማናት ከኋላ አሚን ያለችው?» አለ። «ድምፁን አውቀዋለሁ።»

«ጎረቤት ናት፣ ልጄ» አለች ማጉያዋ። «በጣም ትወድሃለች።»

«ስለኔ አመስግኛት» አለና ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። እጁን ከፊቱ ሲያነሣ ፈገግ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ዘጠና አምስት ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ።

የሚቀጥለው ረቡዕ ግድግዳው በሰዓቱ በራ። ጦይብ ጥይት ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሽፋሽፍቱ ላይ አቧራ የለም። ከእግሩ ሥር ዘጠና ስድስት ይላል። ደህና ነኝ አለ፤ የአባቱን ሳል ጠየቀ፤ አባቱ ጉልበቱን ወቀሰ፤ እናቱ ስለ አልጋው ነገረችው። ሦስቱም ሳቁ። ከፊት ረድፍ ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ የዘይነባ ቤት ሰው በሙሉ ግን እዚያ ግድግዳው ዘንድ ተሰብስቦ ይጫወታል። ምንታምር በበሩ በኩል ቆማ ነበር። ዘይነባ ስታያት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

አቶ ይማም ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ለአገርህ አፈር ያብቃህ» አሉ። ሕዝቡ አሚን አለ። ጦይብም ያኔውኑ፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ።

«አሚን» አለች ዘይነባ ዘግይታ።

ጦይብ ቀና አላለም። እናቱ ወዳለችበት፣ ወደ ፊተኛው ረድፍ እያየ ፈገግ ይል ነበር። ዘይነባ አንድ ጊዜ ደግማ፣ አሁን ጮክ ብላ አሚን አለች። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ የዘይነባን የተዘረጋ መዳፍ ቀስ ብላ ያዘችና ጭኗ ላይ አኖረችላት። ግድግዳው ጠፋ፤ ሰዉ ወንበሩን እየደራረበ ወደየሥራው ሄደ።